ከውጫሌ እስከ ሮማ፤ ስለ ዲፕሎማሲ ታሪክ ምርምር

(በደሴ ከተማ፣ ፒያሳ፣ በታሪክ ተማሪዎች ስም ለጓደኞቻቸውና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ንግግራችንን የምንጀምረው ከቆምንበት ስፍራ ስም ነው። ፒያሳ የሚለው ቃል የጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። የኢጣልያ ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የለቀቀውም በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲሄድ ብዙ ነገር ይዞ ሄደ፤ ይህን ስም ግን ትቶልን ሄደ። እኛም «ፒያሳ እንገናኝ» ስንባባል፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ አንድ የውጭ ግንኙነት ታሪክ ማስረጃ በአፋችን ይዘን እንደምንውል ልብ አንለውም።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁትን ጓደኞቻችንን በተለይ እናመሰግናለን። የምሕንድስና ተማሪ መሆናችሁ ታሪክ ከመስማት ስላላገዳችሁ ደስ ብሎናል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመን እናሳስብ፤ ዓመተ ምሕረት የምንጠራው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የኤውሮፓ ሲሆን ግን ለይተን እንናገራለን።

የተሰጠን ርእስ «በዲፕሎማሲ ታሪክና በዓለም አቀፍ ግንኙነት የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ዕድል» የሚል ነው። ርእሱ ረዥም ነው፤ ከእኛም በጣም የራቀ ይመስላል። በቀላል አማርኛ ስንናገረው፣ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለ ሰው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያህል ደመወዝ እየተከፈለው፣ ክፍል ሳይገባ፣ የፈተና ወረቀት ሳያርም፣ ምርምር ብቻ እንዲሠራ የሚሰጠው ጊዜ ነው። ለዶክትሬት የጻፈውን ድርሳን አርሞ መጽሐፍ ያደርገዋል፤ ቀድሞ ያልደረሰበትን መዝገብ ሄዶ ያነባል። በአገራችን ይህ ልማድ ገና ሥር አልያዘም። መምህር ዶክትሬቱን እንደ ያዘ በማግሥቱ ኮርስ ይጫንበታል፤ ከዚያም የክፍል ኃላፊ ይሆናል፤ ከዚያም ስብሰባ። ድርሳኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እዚህ የተቀመጣችሁት መምህሮቻችን ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ፈገግታችሁም ይመሰክራል።

ርእሱን ስንቀበል አንድ ጓደኛችን ሣቀብን። «የመጀመሪያውን ዲግሪ ሳትጨርሱ ስለ ድኅረ ዶክትሬት ማውራት፣ ልጅ ሳይወለድ ስም ማውጣት አይደለም ወይ?» አለ። ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እናስላ። ዛሬ ሃያ አንድና ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሁለተኛ ዲግሪው፣ ዶክትሬቱ፣ በመካከሉም የማስተማሩ ግዴታ ሲታከልበት ሠላሳ ዓመት ያልፈናል። ዕድሉ ያን ጊዜ ቢመጣ፣ የሚጠይቀን ነገር ግን ያን ጊዜ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። ቋንቋ በአንድ ክረምት አይያዝም። መልካም የምርምር ጥያቄም በማመልከቻ ቀን አይወለድም። እንግዲህ ስለ ነገ የምናወራው ዛሬ ምን መሥራት እንዳለብን ለማወቅ ስንል ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከዚህ ተነሥተን፣ ሐይቅን አልፈን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ እንደርሳለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተዋዋሉት በዚያ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ውሉ 20 አንቀጽ አለው። ከነዚህ ውስጥ 17ኛውን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንፈተንበት ኖረናል። በአማርኛው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መገልገል ይቻላቸዋል ይላል። በጣልያንኛው ግን በኢጣልያ መንግሥት ለመገልገል ተስማምተዋል ይላል። ፈቃድና ግዴታ በአንዲት ግሥ ተለያዩ። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ይህን አንቀጽ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀና ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ተባለ። ምኒልክ ስለ ዘውድ በዓላቸው ለእንግሊዝ ንግሥትና ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል መምጣት ይገባዋል የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነገሩ ገሀድ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ ፈራሽ መሆኑ ተነገረ፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ሆነ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ውል የውጫሌው ውል ተሰረዘ።

የሚታወቀውን ለምን ደገማችሁት ቢሉ፣ ከክፍል ውጭ ብዙ ስለማይነገሩት ሁለት ነገሮች ስንል ነው። አንደኛው በዚያው ውል 19ኛው አንቀጽ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች፣ የአማርኛውና የጣልያንኛው፣ ፍጹም የተስማሙ ናቸውና ሁለቱም እኩል ሥልጣን አላቸው ይላል። ይህን ልብ በሉልን። ያልተስማሙትን ሁለት ጽሑፎች ተስማምተዋል ብሎ የሚመሰክረው ራሱ ውሉ ነው። እንግዲህ ተመራማሪ የሆነ ሰው አማርኛውን ትርጉም ነው ብሎ ሊንቀው አይችልም፤ ጣልያንኛውንም ማጭበርበሪያ ነው ብሎ ሳያነበው ሊጥለው አይገባም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሣው ነው። አንቶኔሊ የተጣመመውን ሊያቃና ተመልሶ አዲስ አበባ መጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ በጥር ወር መጨረሻ 1883 ዓ.ም. በአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ፈረመ። እርሱ 17ኛው አንቀጽ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት ነበር። ጽሑፉ ተስተውሎ ሲነበብ ግን አንቀጹ ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ። አንቶኔሊ ተቈጣ፤ ንግግሩም ፈርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሸዋ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ የሌላውን ቋንቋ ጽሑፍ ሳያስተውል ሲፈርም ይህ ደረሰበት። በውጫሌ በአንዱ ወገን የመጣው፣ በአዲስ አበባ በሌላው ወገን መጣ። የአባቶቻችንን ብልኀት ለማድነቅ ብቻ ብለን አይደለም ይህን የምናወሳው፤ የዲፕሎማሲ ታሪክ የሚያጠና ሰው መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ስላላገኘን ነው።

ታዲያ ይህን አንቀጽ መርምሮ የጻፈ ማን ነው? በ1964 እ.ኤ.አ. ስቬን ሩቤንሰን የተባሉ ስዊድናዊ፣ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩ፣ ሁለቱን ጽሑፎችና በዙሪያቸው ያሉትን ደብዳቤዎች አስተያይተው አንድ ጥናት አሳተሙ። በማግሥቱ ዓመት ካርሎ ጂሊዮ የተባሉት ኢጣልያዊ የታሪክ ሊቅ ተከራከሯቸው። የጠየቀውም የመለሰውም ኤውሮፓዊ ነበረ። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሩቤንሰን አማርኛውን ጠንቅቀው ስላነበቡ አክብሮት ይገባቸዋል። በኋላም የኢትዮጵያን የውጭ ደብዳቤዎችና ውሎች ከነመልካቸው በሦስት ክፍል ሲያሳትሙ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌንና ዶክተር አምሳሉ አክሊሉን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን አብረዋቸው ሠርተዋል። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ክፍሎች የያዙት ከ1800 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ያለውን ነው። ውጫሌ ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ይመጣል። ለአንድ ወጣት ተመራማሪ ይህ ክፍት በር ነው፤ በሩም የሚገኘው በእኛው ደጃፍ ነው።

ሌላም እንጨምር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ መቷት። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን እዚህ ካደረጉ ገና አንድ ሳምንት ያህል ነበር። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሐኪሞች የሚሠሩበት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመታ። የውጭ አገር ጋዜጠኞች በከተማው ስለ ነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። መንግሥታችን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ፤ የኢጣልያ መንግሥት በበኩሉ የቀይ መስቀል ምልክት ያላግባብ ይሠራበታል ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ከዚህ፣ ከጦሳ ሥር ከወደቀው ቦምብ፣ የተነሣው ወረቀት ጄኔቭ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም በዚያ አለ።

ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ ይኸውላችሁ። የመንግሥታት ማኅበር መዝገብ በሙሉ ከ2017 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በተሠራ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ፣ ማንም ሰው በነጻ እንዲያነበው በኢንተርኔት ተለቋል። ትናንት ጄኔቭ ድረስ የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልግ የነበረው ነገር ዛሬ መብራት ካልጠፋ ከዚህ ከፒያሳ ይነበባል። (መብራቱን በተመለከተ ዋስ አንሆንም።) ራይነር ባውደንዲስቴል የተባሉ፣ ቀድሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ የነበሩ ጸሐፊ፣ የማኅበሩን መዛግብት ጄኔቭ ላይ መርምረው ስለ ቀይ መስቀልና ስለዚያ ጦርነት በ2006 እ.ኤ.አ. መልካም መጽሐፍ አውጥተዋል። የጄኔቭ ወገን ተነግሯል ማለት ነው። የደሴ ወገን ግን በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አፍ ላይ ነው ያለው፤ እነርሱም በየዓመቱ ይቀንሳሉ።

ስለ ቋንቋ ስናነሣ፣ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ሀብቱን ሳያውቀው እንደሚኖር ደጋግመን አይተናል። ወሎ የዐረብኛ ትምህርት የተስፋፋበት አገር ነው። ከዚህ ክፍል ውስጥ በልጅነቱ በመስጊድ ቂርኣት የቀራ፣ ከዚያም ኪታብ ያነበበ ስንት ሰው አለ? እጃችሁን ብታወጡ ብዙ ነው። ምኒልክ ከሱዳኑ ኸሊፋ አብዱላሂ ጋር የተጻጻፉት በዐረብኛ ነው። የደሴው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ፣ በታላቁ የዓለም ጦርነት ጊዜ ከኦቶማን መንግሥት ቆንስል ከመዝሀር ቤይ ጋር ስለ ነበራቸው ግንኙነት ብዙ ተብሏል። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች አብረው ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ያን ጊዜ የእነዚያ የሦስቱ መንግሥታት መልእክተኞች የጻፉት ሪፖርት ሎንዶን፣ ፓሪስና ሮማ ተጠብቆ ስላለ፣ ታሪኩም ለረጅም ጊዜ በእነርሱ ዓይን ተጻፈ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤሎዋ ፊኬና ቮልበርት ስሚት አዘጋጅተውት ስለ ልጅ ኢያሱ የወጣው መጽሐፍ ነገሩን እንደ ገና ማየት ጀምሯል። የኦቶማን ወገን ወረቀት ኢስታንቡል ነው፤ ፊደሉም የዐረብ ፊደል ነው። ኪታብ የቀራ የወሎ ልጅ ቱርክኛ ቢጨምርበት፣ ብዙ የኤውሮፓ ዶክተሮች የሌላቸውን መሣሪያ ይይዛል። እኛ ግን ዐረብኛችንን በማመልከቻ ወረቀት ላይ መጻፍ እንደሚገባን እንኳ አናውቅም፤ «እሱ እኮ የመስጊድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ግዕዝ ከቆሎ ትምህርት ቤት የያዛችሁትም እንዲሁ ናችሁ።

አሁን ስለ ዕድሉ ራሱ እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ እንደ ሆነ እናውቃለን። በኢጣልያ አገር በፊረንዜ ከተማ አጠገብ የኤውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት የሚባል አለ። በማክስ ቬበር ስም የተሰየመው የድኅረ ዶክትሬት ፕሮግራሙ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሪክ፣ በሕግ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በፖለቲካና በማኅበራዊ ጥናት ዶክተሮችን ይቀበላል፤ የኤውሮፓ ዜጋ ያልሆነም ማመልከት ይችላል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ከፊረንዜ ሮማ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ መሆኑ ነው። ሮማ ውስጥ የኢጣልያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዲፕሎማሲ ታሪክ ቤተ መዛግብት አለ፤ የቀድሞው የኢጣልያ አፍሪካ ሚኒስቴር ወረቀትም በዚያው ይገኛል። የአንቶኔሊን ዘመን የሚያጠና ሰው መጨረሻው እዚያ ነው።

የጀርመኑ የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ድርጅት ከማናቸውም አገር ለሚመጣ ዶክተር፣ በማናቸውም የትምህርት ዓይነት፣ ጀርመን አገር ተቀምጦ እንዲመራመር ገንዘብ ይሰጣል። ነገር ግን በጀርመን ያለ አንድ ፕሮፌሰር «እቀበለዋለሁ» ብሎ መጻፍ አለበት። ይህ ነው ብዙውን ሰው የሚያስቀረው። የማያውቁት ፕሮፌሰር አይቀበልም፤ የሚያውቁት ደግሞ ቀድሞ ጽሑፍ ልኮ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ በጉባኤ ተገናኝቶ ነው። ወደ ቤታችን ቀረብ ስንል ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ ያለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም፣ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚያስተምሩ ወጣት ዶክተሮች የሚሰጠው «ኢሶ ሎምሶ» የሚባል ዕድል አለ። ቃሉ በኮሳ ቋንቋ የነገ ዓይን ማለት ነው ይላሉ። በዚህኛው መልካሙ ነገር ሥራን ሳይለቁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እየተመላለሱ፣ በድምሩ እስከ አሥር ወር ድረስ በዚያ መቀመጥ መቻሉ ነው። ሰው ወደ ማስተማሪያው እንዲመለስ ተብሎ የታሰበ ነውና ከሁሉ ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ይህ ነው።

ዕድሎቹ እነዚህ ብቻ አይደሉም፤ ሁሉን ብንቈጥር ምሽቱ አይበቃንም። የሚጠይቁት ግን ሁሉም ያው ነው፤ ምን ልትመረምር ነው፣ ወረቀቱስ የት አለ፣ በምን ቋንቋ ነው፣ አንተ ማንበብ ትችላለህ ወይ? «የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት ታሪክ» ብሎ የሚጽፍ አመልካች ይወድቃል፤ ባሕር ነዋ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ1976 እ.ኤ.አ. ሎንዶን ላይ ለዶክትሬት ያቀረቡት ስለ አንድ ወሰን ነው፤ ይኸውም በምዕራብ በኩል በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ከ1898 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ስለ ነበረው ግንኙነት። አንድ ወሰን፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት። ትልልቆቹ መጻሕፍት በኋላ መጡ።

ጀርመንን ካነሣን ሳንናገር የማናልፈው ሰው አለ። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ተሰይሟል። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍል የታተመው ታላቁ የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያም የተዘጋጀው በሀምቡርግ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ የተማረው ከማን ነው? ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ያ አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ነው። በ1649 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ ተገናኙ፤ በኋላም አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ድረስ ተጉዘው የአገራቸውን ታሪክ፣ ሕግና ቋንቋ አስረዱት። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 እ.ኤ.አ. መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ መዝገበ ቃላቱን፣ ሰዋስውንና ታሪኩን ጻፈ፤ የመምህሩንም ስም በክብር አነሣ። በተቋሙ ደጃፍ ላይ የተጻፈው ግን የተማሪው ስም ነው። እኛ በዚህ ቅር አንሰኝም፤ የጻፈ ይታወሳል። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀቱ ከመካነ ሥላሴ ሄዶ፣ መጽሐፉ በጎታ ሲጻፍ ኖሯል፤ አሁንም እኛ ለሚመጣው ተመራማሪ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ብቻ ሆነን እንድንቀር አንፈልግም።

«ሄዶ ይቀራል» የሚለውን ነገር የግድ መንካት አለብን፤ በሻይ ቤት ሁልጊዜ የሚነሣው ይኸው ነውና። የሄደው ሁሉ አይቀርም፤ የቀረውም ሁሉ አገሩን ረስቶ አይደለም። ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ በ1966 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው፤ ከአገር ውጭ ሲቀሩ ስለ ዐፄ ዮሐንስ የጻፉትን መጽሐፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ አሳትመው ተዉልን። ስለዚህ እኛ ለሚሄድ ሰው መሐላ አናስምልም። የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሮማ ወይም ሎንዶን ገብቶ ስለ ወሎ ፎቶግራፍ ያነሣውን ሰነድ ሁሉ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ይላክ። ዛሬ ያ ነገር በአንድ ትንሽ ፍላሽ ይገባል፤ ሻንጣ አያከብድም። ለዚህም የሚሆን ሕግ የትምህርት ክፍላችን ቢያወጣ መልካም ነው፤ መምህሮቻችን እንዲያስቡበት በአክብሮት እንለምናለን።

አሁን የሚያሳዝነውን እንናገር። በዚህ ዓመት ሦስት ሆነን የቆየ ወረቀት ፍለጋ ወጣን። ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ገባን። ዘበኛው መጋዘኑን ከፈተልን። ጣራው ያፈሳል፤ ከግድግዳው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ፋይል ተደርድሯል። ከላይ ያለውን አንሥተን ስንገልጠው እንደ እርጥብ እንጀራ ተጣብቋል። ኃላፊውን ስንጠይቃቸው «እሱ እኮ ሊወገድ የተለየ ነው» አሉን። ማን ለየው፣ በምንስ ለየው ብንል መልስ አላገኘንም።

ከዚያ ደግሞ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። ባለቤታቸው በድሮው ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበሩ ናቸው። «እማማ፣ የባለቤትዎ ወረቀት ካለ ብናይ ብለን ነው የመጣነው» አልናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ ወረቀቱማ ነበር» አሉን። «በ14 ግርግሩ ሲመጣ ሣጥኑን እንዳለ ትተነው ወጣን። ስንመለስ ሣጥኑ አለ፤ ወረቀቱ የለም። ምን ያደርግላቸዋል? እሳት አንድደውበት ይሆናል። አብሽሩ፣ ተቀመጡ፤ እኔ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ።»

ቡና አፈሉልን። እናታቸው በኅዳር 1928 ዓ.ም. አውሮፕላን ሲመጣ ልጅ አዝለው ወደ ጦሳ ሲሸሹ ያዩትን፣ እርሳቸውም ከእናታቸው አፍ የሰሙትን፣ ሁለት ሰዓት ያህል አጫወቱን። በስልካችን ቀዳነው። ጄኔቭ ያለው ወረቀት ያን ቀን በደሴ ስለ ወደቀው ቦምብ ነው የሚናገረው፤ በዚያ ቀን ሴቶቹ ምን ይዘው እንደ ሸሹ፣ ማታ የት እንዳደሩ ግን ከእማማ ሌላ የነገረን የለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ከጉዳት አልዳነም። ያ ጦርነት ራሱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው ስምምነት ሲያበቃ፣ የዲፕሎማሲ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሆነ፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያጠናው ሰው ይመጣል። ያ ሰው ዛሬ በደሴ ከተማ ምን እንደ ተጻፈ፣ ምን እንደ ተነገረ ፈልጎ የሚያጣው እኛ ሳናስቀምጥ ከቀረን ነው።

ለዚህ ሥራ ዶክትሬት መጠበቅ አያስፈልግም። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ የደረሱ መዛግብትን በፎቶግራፍ ለመቅዳት ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ በኢትዮጵያም በርካታ ሥራ ተሠርቶበታል። ዋናው ጽሑፍ ከቦታው አይነሣም፤ ቅጂው ብቻ ነው የሚወሰደው። ማመልከት ያለበት ግን ተቋም ነው እንጂ እንደ እኛ ያለ ሦስት ተማሪ አይደለም። አንድ መምህር ስሙን ቢያበድረን የከረጢቱን ቈጠራና የቤት ለቤቱን ጥየቃ እኛ እንሠራለን፤ ለዚህም 11 ሰዎች ስማቸውን ሰጥተዋል። ከነዚህ ውስጥ ስድስቱ ሴቶች ናቸው፤ ባልቴቶቹ ለእነርሱ ይበልጥ እንደሚያወሩ አይተናልና ቍጥራቸው ቢጨምር እንወዳለን።

በመጨረሻ ሁለት ማስታወቂያ አለን። የጣልያንኛ ትምህርት ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ በክበባችን ክፍል ይሰጣል፤ የሚያስተምሩን አባት ቋንቋውን ከቀድሞ ሥራቸው የያዙ ናቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም፤ ደብተር ግን ይዛችሁ ኑ። ሁለተኛው፣ የፊታችን ቅዳሜ ወደ ውጫሌ እንሄዳለን። የውሉን የአማርኛና የጣልያንኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን አባዝተናል፤ ቦታው ላይ ቆመን አንቀጽ በአንቀጽ እናነባቸዋለን። መኪናው ከዚሁ ከፒያሳ ከጧቱ 1 ሰዓት ይነሣል። ቦታው 24 ሰው ነው፤ 17 ተመዝግቧል። ምሳ በየግል ነው።